ደሴ በአርባ ፈረስ

ቮልስ ያለው ሰው፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ይጻፍ እንጂ መኪናዋ የሰፈሩ ናት። የማያምን ካለ ኮተቤ ይምጣና የቮልስ ኮፈን ከፍቶ መንገድ ዳር ይቁም። የኋላውን ኮፈን ማለቴ ነው፤ የፊተኛውን ከከፈተ የሚያገኘው ትርፍ ጎማና የቤንዚን ሰልባትዮ ብቻ ነው። ብዙ ሳይቆይ ሦስት ሰው ከጎኑ አጎንብሶ ያያል። አንዱ «ካንዴላው ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ካርቡራቶሩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር እጁን ሰድዶ የሆነ ነገር ይነካና የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ምን እንደነካ ሲጠየቅ «ምንም» ብሎ እጁን በሱሪው ጠርጎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ደህና ትከርማለች፤ ከምን እንደዳነች ግን የሚያውቅ የለም።

ከግቢያችን ፊት ለፊት አይዲ ፎር የሚያቆም ጎረቤት አለን። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተጥለቅልቃለች፤ ኮተቤም ድርሻዋን አግኝታለች። አይዲ ፎር ከዚያው ከቮልስዋገን ቤት የወጣች፣ ለኛዋ የልጅ ልጅ መሆኗ ነው። ሞተሯም እንደ አያቷ ከኋላ ነው ይላሉ። ታዲያ አንድም ቀን የሰፈር ሰው ከቧት አይቼ አላውቅም። ምን ብሎ ይከባታል? ስታልፍ «ታምራለች» ይባላል፤ አለቀ። የኛዋ ስታልፍ ግን ከሻይ ቤቱ በረንዳ «ኧረ ቫልቯን አሳያት!» የሚል ድምፅ ይከተላታል። ሰው የሚቆጣው የሚገባውን ነገር ነው። የማይገባውንማ ያደንቃል።

እንግዲህ ይቺ መኪና ደሴ ልትሄድ ነው ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአማቴ የወንድማቸው ልጅ ደሴ ላይ ሊዳር ነው። ላምበረት መናኸሪያ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ትኬት ቆርጦ በአውቶቡስ መሄድ ይቻላል። አማቴ ግን አልሰሙንም። «አባታችሁ ሙሽራ አድርገው ከደሴ ያመጡኝ በዚህች መኪና ነው። ደሴ ከገባሁም በሷው ነው የምገባው» አሉ። የባለቤቴ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መኪናዋን የተውልን ከነመመሪያ መጽሐፏ ነው። የ1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፤ 1300 የሚባለው ዓይነት። ብጤዎቿ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. ነው። ፈረንጅ አገር ያሉት «ክላሲክ» ተብለው በጨርቅ ተሸፍነው ይውላሉ፤ ፀሐያማ እሑድ ሲገኝ ለሽርሽር ይወጣሉ። የኛዋ ግን ከወፍጮ ቤት ጤፍ ታመላልሳለች።

ወሬው ሻይ ቤቱ የደረሰው ከኔ ቀድሞ ነው። እኔ ስደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ሰብሳቢው ባለተሳቢው ናቸው። ባለተሳቢው የምንላቸው በአሰብ ወደብ በምንጠቀምበት ዘመን ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው የደሴን መንገድ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ የሰፈራችን ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። ስለ ምንም ነገር ቢነሳ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋም ቢሆን፣ ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ ሐረጎ ዳገት ላይ ይደርሳል።

«ስንት ፈረስ ናት?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አርባ ነው የሚለው መጽሐፏ።»

«የት ሆና?»

«እንዴት የት ሆና?»

«አርባ የሆነችው ጀርመን አገር፣ ባሕር ጠርዝ ላይ ሆና ነው። ኮተቤ ላይ ሰላሳ ናት።»

ሰው ሳቀ እንጂ ሒሳቡ ልክ ነው። ሞተር ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ አየርም ይስባል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ኮተቤ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ስለዚህ ከአርባው ፈረስ አስሩ ገና ከግቢ ሳንወጣ ቀርተዋል ማለት ነው። በካራ ወጥተን፣ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን አልፈን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጥቂት ፈረስ ደግሞ ይከዳናል። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከሃያ ስምንት የሚበልጥ አይተርፈንም።

«አይዞህ፣ አልሞቱም» አሉ ባለተሳቢው። «ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ቆመው ይጠብቁሃል። ኮምቦልቻን አልፈህ ሐረጎን ስትወጣ ደግሞ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ይቀሩብሃል። ደሴ የምትገባው ከኮተቤ በወጣህበት በዚያው በሰላሳው ነው።»

ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈረስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት መንገድ መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ከፈረሱ በፊት ግን ሁሉም ሰው የጠየቀኝ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይህን የሚመልስ መካኒክ የለም። ካራ ላይ ጠዋት ጠዋት ከደሴ የሚገቡትን የጭነት ሾፌሮች ጠይቆ መምጣት የባለተሳቢው ሥራ ሆነ። ሰርጉ ቀን ተቆርጦለታል፤ የኛ ጉዞ ግን በየማለዳው እየተጠየቀ የሚወሰን ሆነ። በዚህ የተጠቀመ ቢኖር መኪናዋን ለጉዞው የሚያዘጋጅልን መካኒክ ብቻ ነው፤ አትቸኩሉ የሚል ምክንያት አገኘ።

መካኒካችን ጋራዡ ከዋናው አስፋልት ወደ ተራራው በሚወጣው ኮብልስቶን ላይ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ስለ መኪናዬ የነገርኩትን ሁሉ አንድም ቀን ሰምቶኝ አያውቅም፤ «ቆይ እሷ ትንገረኝ» ይልና ሞተሩን አስነስቶ ዓይኑን ይጨፍናል። መኪናዋ እሱ ዘንድ ማደር አለባት አለ፤ የቮልስ ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ጭልጥ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነውና። ጠዋት እንደ ወረቀት የሳሳች የብረት ቅጠል በቫልቩ ጫፍና በሚመታው ክንድ መካከል አስገብቶ ክፍተቱን 0.15 ሚሊ ሜትር ያደርገዋል። ጠበብ ቢል ቫልቩ ገጥሞ አይዘጋም፤ ገጥሞ ካልዘጋ ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ራስ አያስረክብም፤ ይቃጠላል። ሰፋ ቢል ይንጫጫል እንጂ ምንም አይሆንም።

«የሚንጫጫ ቫልቭ አትፍራ» አለኝ። «ዝም ካለህ ነው መፍራት ያለብህ።»

«ቤትም እንደዚያው ነው» አሉ ባለተሳቢው። ጠዋት ጠዋት ከካራ ሲመለሱ ጋራዡ ውስጥ ሻይ መጠጣት ጀምረዋል።

የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ላይ ሲደርስ መካኒኩ ጊዜ ወሰደ። ያዘነለትም መሰለኝ። በእንዲህ ዓይነቶቹ ቮልሶች የሞተሩ ዘይት የሚቀዘቅዝበት ዕቃ የተተከለው ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ፣ የነፋሱ መንገድ ላይ ነው። ሌሎቹ ንጹሕ ነፋስ ሲያገኙ ለሦስተኛው የሚደርሰው ተጋርዶና ሞቆ የመጣ ነው። የቮልስ ቫልቭ ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፋብሪካውም ነገሩ ገብቶት ኋላ ላይ ዕቃውን ከነፋሱ መንገድ ፈቀቅ አድርጎታል፤ የኛዋ ግን ከዚያ በፊት ነው የተወለደችው።

ካንዴላዎቹ ተፈተው ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ጥላሸት ለብሰዋል። እኔ ደነገጥኩ፤ መካኒኩ አልደነገጠም። በሳሳ አየር ውስጥ ካርቡራቶሩ የለመደውን ያህል ቤንዚን ስለሚሰጥ የሚቃጠለው ሁሉ አይቃጠልም፤ የተረፈው ጥላሸት ይሆናል። ሻይ ቤቱ በሙሉ «ቤንዚኑን ቀንስላት» ብሎ ፈርዶ ነበር። መካኒኩ እምቢ አለ። ለኮተቤ አየር ተብሎ ቤንዚኑ ከተቀነሰ ሮቢት በረሃ ስትወርድ፣ አየሩ ሲወፍርና ሙቀቱ ሲከብዳት፣ ቤንዚን ያንሳታል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ አይቀዘቅዝም፤ ይነዳል። «እዚህ ትንሽ ታጭስ፤ እዚያ አትቃጠል» ብሎ ዘጋው። ካንዴላዎቹን አጽድቶ መለሳቸው። በኔ ግምት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። መፍቻ እጁ ላይ እያለ፣ ሻይ ቤት ሙሉ ሰው አጠገቡ ቆሞ «ቀንስ» እያለው፣ አለመንካት።

ቤንዚን የሚያስተላልፉትን ጎማ ቱቦዎች ግን አንድ ሳያስቀር ለወጣቸው። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ አዲስ አበባ ውስጥ መሸጥ ሲጀምር አሮጌ መኪኖች ላይ የነበሩት ቱቦዎች ቶሎ ቶሎ እየደረቁ ሲሰነጠቁ እንደነበር ያስታውሳል። ቮልስ ላይ ቱቦ ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው። መንገድ ዳር ተቃጥላ የምትታይ ቮልስ ካለች ምክንያቱ ባብዛኛው ጥቂት ብር የሚያወጣ ጎማ ነው። የእሳት ማጥፊያም ግዛ አለኝ። አማቴ የገዛሁትን ሲያዩ «ለሰርግ ስጦታ ነው?» አሉ።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፤ ያ ብቻ። ማጣሪያ የላትም፤ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ውሃ ለሌላት መኪና ዘይቱ ማለስለሻም ማቀዝቀዣም ስለሆነ፣ ሁለት ሊትር ተኩሉ ንጹሕና ሙሉ መሆን አለበት። ውሃ የሌላት መሆኗ ግን ለሰፈሩ ሴቶች ጨርሶ አልተዋጠላቸውም። አንዲት ጎረቤታችን ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልተው አመጡልን፤ «ለራዲያተሩ» አሉ። ራዲያተር የላትም ብል «ታዲያ አስገጥምላት!» ብለው ተቆጡኝ። ክርክሩ ከባድ ስለነበር ጀሪካኑን ተቀበልኩ። የመንገድ እጅ መታጠቢያ ይሆናል።

ቺንጋው ላይ ስንደርስ ጠብ ተነሳ። ቮልስ ላይ አንዲት ቺንጋ ናት ያለችው። ዲናሞውን ታዞራለች፤ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ያለውን የነፋስ ማራገቢያም ታዞራለች። እሷ ከተበጠሰች ቀይ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ባትሪው ይበቃኛል ብሎ መንዳት አይሠራም። ነፋስ የለም፤ ደቂቃዎች ናቸው ያሉት፤ ወዲያውኑ ሞተር ማጥፋት ነው። የምትጠብቀውና የምትላላው በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ስስ ቀለበቶችን በመጨመርና በመቀነስ ነው። ልኩ በአውራ ጣት ሲጫኗት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንድትረግብ ነው።

«የማን አውራ ጣት?» አሉ ባለተሳቢው።

መካኒኩ ተጫነና «ልክ ናት» አለ። ባለተሳቢው ተጫኑና «ልል ናት» አሉ። የተሳቢ መሪ ሲያሽከረክር የኖረ ጣት ነው። ቀለበት ተቀነሰ። መካኒኩ ደግሞ ተጫነና «አሁን ጠበቀች፤ የዲናሞውን ኩሽኔት ትበላዋለች» አለ። ቀለበቱ ተመለሰ። በመጨረሻ የሻይ ቤቱ አሳላፊ፣ ከማንም ወገን ያልሆነ ሰው ነው ተብሎ፣ ተጠርቶ እንዲጫን ተደረገ። እሱም ተጫነና «ትኩስ ናት» አለ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ፤ መካኒኩ የነበረችበት ትሁን አለ።

ባለተሳቢው ግን በዚህ አላቆሙም። ቤት ድረስ መጥተው ቡና ላይ፣ አማቴ ባሉበት፣ ባለቤቴን «አንድ ጠንካራ ስቶኪንግ ይኖርሽ ይሆን የኔ ልጅ?» አሏት። ቤቱ ጸጥ አለ። ቺንጋ መንገድ ላይ ሲበጠስ የሴት ስቶኪንግ ቋጥረው ሚሌ የደረሱበትን ታሪክ እስኪጨርሱ ድረስ ያ ስቶኪንግ የማን እንደነበር ባለቤቴም አማቴም ፊታቸው ላይ ጥያቄ እንደጻፉ ነበር። ባለተሳቢው ያን ክፍል ዘለውት አለፉ። መካኒኩ በበኩሉ ስቶኪንግ ለቮልስ ብዙም እንደማያስኬድ ተናግሮ ሁለት አዲስ ቺንጋ እንድገዛ አዘዘኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነው።

ቺንጋ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የነዳጅ መስጫ ገመድ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተችና እየተዘጋች ለካንዴላ እሳት የምታድለው ትንሿ ብረት፤ ሁሉም ተጽፎ ተሰጥቶኛል። ነጋዴው ሁሉንም «ኦሪጅናል የጀርመን» እያለ አወጣልኝ። ካርቶኑ ላይ ብራዚል ይላል። ባሳየው «ጀርመኖቹ እዚያ ሄደው ነው የሠሩት» አለኝ። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ቮልስዋገን ብራዚል ውስጥ ለብዙ ዓመት ቮልስ ሲሠራ ኖሯል። ዋጋው ላይ ግን መጀመሪያ አልተስማማንም ነበር፤ ኋላ ተስማማን።

ጎማ ቤት የደረሰብንን ባልናገረው ይሻለኝ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የቮልስ ክብደት ከኋላ ነው፤ መጽሐፏ የሚያዘው የፊት ጎማ 16፣ የኋላው 24 እንዲሆን ነው፤ ጭነት ሲኖር ፊት 17፣ ኋላ 26። ይህን ለጎሚስታው ልጅ ነገርኩት። አየኝ። መካኒኩን አየው። «ፊቷ ይተንፍስ ነው የምትሉኝ?» አለ። በሱ ቤት ሁሉም መኪና 35 ነው፤ ፒክአፕም ይምጣ ቮልስም ይምጣ። የፊት ጎማ ከልኩ በላይ ከተነፋ ቮልስ መንገድ አትጨብጥም፤ መሪው ይቀልና ኩርባ ላይ ጭራዋ ልቅደም ይላል። መካኒኩ ይህን ሁሉ ቢያስረዳውም ልጁ 16 አድርጎ የለቀቀውን ጎማ ደንበኛ አይቶ «ይህ ልጅ አየር ሰረቀ» ይለኛል ብሎ ፈራ። በመጨረሻ መካኒኩ መለኪያውን ተቀብሎ ራሱ ሠራው፤ ልጁም «እኔ አልነካሁም» ብሎ ለተሰበሰበው ሰው አስመሰከረ።

ፍሬኑን በተመለከተ አልቀለድንም። አራቱም እግር ላይ ያለው ባለ ሸራ ከበሮ ፍሬን ነው፤ ሲግል የሚይዘው ይቀንሳል። አሮጌ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት እየጠጣ ስለሚከርም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን፣ ሰው «የሙሶሎኒ ዋሻ» የሚለውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ለዚህ ዓይነቱ ፍሬን የተዘጋጀ ፈተና ነው፤ ጉም ከለበሰ ደግሞ ሁለት ፈተና። ሸራው ተቀየረ፣ ዘይቱ በሙሉ ተደፍቶ አዲስ ገባ፣ አየር እስኪወጣ ድረስ እኔ ፔዳል ረገጥኩ። ባለተሳቢው ለአንድ ጊዜ እንኳ ሐረጎን ሳያነሱ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ለመውጣት ሁለተኛ ከፈለገች ለመውረድም ሁለተኛ ነው። ፍሬን የተሠራው ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም» አሉ። ከሁሉም ምክራቸው ጻፍ ብባል የምጽፈው ይህን ነው።

መብራቷ 6 ቮልት ነው። ባለተሳቢው አብርተው አዩና «ይህ መብራት ነው ወይስ ሐሳብ?» አሉ። በሌሊት እንደማይነዳ ያለ ክርክር ተወሰነ።

አሁን ወደ ባትሪው እመጣለሁ። እስካሁን ያዘገየሁት ነገሩ አማቴን ስለሚነካ ነው።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው፤ በስተቀኝ። የወንበሩ ውስጥ ሽቦ ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ሽቦው ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ይነሳል፤ የወንበሩ ሙሌት ደግሞ ለማቀጣጠል ምቹ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ክዳን ሠርቶለት ነበር፤ የኛ ክዳን ከየት ዘመን ጀምሮ እንደጠፋ አይታወቅም። አማቴ ደግሞ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ቦታቸውም ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ነው፤ በስተቀኝ። የክብር ቦታ ነው።

መካኒኩ ወንበሩን አንሥቶ ባትሪውን አየ፤ እኔን አየ። «እሳቸው ከፊት ቢቀመጡስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ባለቤቴ እንድትነግራቸው ላክናት። እሷም ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ «እማዬ፣ ከፊት ብትሆኚ እኮ መንገዱን በደንብ ታዪ ነበር» አለቻቸው። አማቴ የሰጡት መልስ አጭር ነው። «ጃንሆይ የተቀመጡበት ወንበር ለኔ አነሰኝ?»

ትክክል ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን ሲያወርድ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ በቮልስዋገን ነው። በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ለኖሩ ሰው ውርደት ይሆናል ተብሎ የታሰበው ለአማቴ በተቃራኒው ሆኖ ተተረጎመ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቮልስ የኋላ ወንበር ዙፋን ሆነ። መካኒኩ ይህን ሲሰማ «ጃንሆይ እኮ ቀጭን ነበሩ» ብሎ አጉረመረመና ከአሮጌ የመኪና ጎማ ወፍራም ላስቲክ ቆርጦ ባትሪውን ሸፈነው፤ በላዩም ሌላ ደረበበት። ወንበሩን መልሶ ራሱ ተቀመጠ፤ ባለተሳቢውን ጎትቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው፤ ዘለሉበት። ምንም አልሸተተም። ለአማቴ እንዳንነግራቸው ሦስታችንም ተማማልን።

የመሄጃው ዋዜማ ባለቤቴ ጸበል አምጥታ መኪናዋን ረጨቻት። ከፊት ጀምራ በጎን ዞራ ሞተሩ ላይም ጠብ አደረገች። ስድሳ ዓመት ያህል ሞተሯን ውሃ ነክቶት የማያውቅ መኪና ነች። ጎረቤታችን፣ ባለጀሪካኗ፣ አይተው ደስ አላቸው፤ «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ።

ከዚያ ዕቃ መጣ። ሰፈሩ ደሴ ዘመድ የሌለው ሰው የለበትም መሰለኝ። ለእገሊት በርበሬ፣ ለእገሌ ጫማ፣ አንድ ፌስታል መድኃኒት፣ አንድ በጥንቃቄ የተጠቀለለ የልጅ ፎቶግራፍ። ማታውኑ ባለተሳቢው አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዘው ብቅ አሉ። የሰው ይሆናል ብዬ ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ «የኔ ናት፤ ከፊት እቀመጣለሁ» አሉ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በየማለዳው ሲጠይቁልን የከረሙት ለካ ለራሳቸውም ጭምር ነው። እምቢ የሚል ጉልበት አልነበረኝም። ሐረጎን ከኔ ይልቅ እሳቸው ይወጡታል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ቀረ። ስንመለስ ሸኖ ላይ ቅቤ ይገዛል። ይህን ያነሱት አማቴ ናቸው፤ በሸኖ በኩል አልፎ ያለ ቅቤ መግባት በኛ ቤት አይታሰብም። መካኒኩ ተደናገጠ። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ከሞተሩ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው፤ ቅቤ እዚያ ከተቀመጠ ለገጣፎ ሳይደርስ ነጥሮ ያልቃል። ከፊት ኮፈን ሥር ይሁን ቢባል ደግሞ ጎረቤቱ አርባ ሊትር የሚይዘው የቤንዚን ሰልባትዮ ነው፤ ቅቤ እንደሆነ ያጠገቡን ሽታ ሁሉ ይሰበስባል። ባለተሳቢው በጨርቅ ጠቅልሎ በጣራ ላይ ማሰር የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ፀሐይ ተነሳበትና ወደቀ። አይዲ ፎር ያለው ጎረቤታችንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ክቡ ተጠጋ። «ከደብረ ብርሃን ወዲያ ቻርጅ የት እንደማገኝ ባውቅ እኔ አመጣው ነበር፤ የኔ ከኋላ ሰፊ ቦታ አለው» አለ። ሁሉም ዞሮ አየው። መጀመሪያ ያዘነለት ባለጀሪካኗ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሻይ ሰጡት።

አማቴ ክርክሩን በረንዳ ላይ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ወረዱ።

«ቅቤው ጭኔ ላይ ይሆናል» አሉ። «ከላይ ቅቤው፣ መሃል እኔ፣ ከታች ባትሪው።»

ተያየን።

«ባትሪው ከሥሬ እንዳለ የማላውቅ መሰላችሁ? አባታችሁ ያን ጊዜ ከደሴ ሲያመጡኝ ያቺ ጥግ ጭሳ ጣርማ በር ላይ ወርጄ በነጠላዬ ነው ያጠፋሁት። በሰርጌ ማግስት!» ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞሩ። «የደረብክባትን ላስቲክ አይቼዋለሁ፤ ደግ አድርገሃል። አሁን የኋላ ጎማዋን ሃያ ስድስት አድርግልኝ። ባለተሳቢውም ሊሄድ አይደል?»

መካኒኩ ምንም ሳይመልስ መለኪያውን ይዞ ተንበረከከ።